እመይቴ ዛሬም ሰገደች

ጠዋት ከአራተኛ ፎቅ ስወርድ መጀመሪያ የማየው መኪናዬን አይደለም፤ የኮንዶሚኒየማችንን ዘበኛ ፊት ነው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ከጢማቸው ሥር ፈገግ ካሉ ሌሊቱን የሆነው ሆኗል።

"ጌታዬ፣ እመይቴ ዛሬም ሰግዳለች።"

እውነታቸውን ነው። ማታ ቀጥ አድርጌ ያቆምኳት መኪና በቀኝ የፊት እግሯ ተንበርክካ፣ ኮፈኗን ወደ መሬት ደፍታ ታድራለች። ሁዳዴ ሲሆን ያምርባታል። ፋሲካ ካለፈ በኋላም ስትሰግድ ግን አባባን ከፋቸው። "በበዓለ ሃምሳ አይሰገድም። ይቺ ሥርዓት አታውቅም እንዴ?" አሉኝ። የጀርመን መሆኗን ነገርኳቸው። "እንደሱ ከሆነስ ይሁን" ብለው ተዉኝ።

ከዚያ የማንሳቱ ሥነ ሥርዓት ይጀመራል። ቁልፉን አዞራለሁ። ሞተሯ ይነሳል። ከሆዷ ሥር አንድ ነገር እንደ ወፍጮ ይንጣጣል። እሷም ልደታ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጠው እንደቆዩ ባልቴት፣ መጀመሪያ ከኋላ፣ ቀጥሎ ከፊት፣ ወገቧን እየያዘች ቀስ ብላ ትነሳለች። ጎረቤቶቼ በዚህ መሃል ልጆቻቸውን ቪትዝ ውስጥ አጭቀው፣ ክላክስ አድርገውልኝ፣ ትምህርት ቤት አድርሰው ሊመለሱ ምንም አይቀራቸውም። እኔ መሪ ጨብጬ እመቤቲቱ እስክትነሳ እጠብቃለሁ።

የፋብሪካዋን ስም አልጠራም። የድሮ ምራት የአማቷን ስም እንደማትጠራው ሁሉ እኔንም አፌን ይይዘኛል። ሰው "የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?" ብሎ ሲጠይቀኝም መልሴ አንድ ነው፤ "የጀርመን ናት" እላለሁ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት ብላ የለ!

አገዛዜን ልንገራችሁ። እቁብ ደረሰኝ። ሐሳቤ ቪትዝ ነበር፤ አንድ ሊትር ሞተር ያላት፣ ቤንዚን የምታሸት እንጂ የማትጠጣ፣ ለደመወዝተኛ የተፈጠረች መኪና። እቁቤ ግን ለቪትዝ አልሞላም። ደላላው ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከቪትዝ ባነሰ ብር የጌታ መኪና ላሳይህ?" አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ አልጠረጠርኩም፤ ከንፈሬን ላስኩ እንጂ።

አንድ ግቢ ውስጥ፣ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ሸራውን ሲገልጠው ጥቁር፣ ረጅም፣ እንደ ቀሚስ የሚንጸባረቅ ቀለም። በሩን ከፈትኩት፤ የቆዳ ሽታ። ዘጋሁት፤ "ድም" አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የበር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የቪትዝ በር "ቋ" ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር እኔ የገዛሁት ያንን "ድም" ነው፤ መኪናዋ በምርቃት የመጣች ናት።

"ዲፕሎማት ነው ስምንት ዓመት የያዛት" አለ ደላላው። "እሱም አይነዳትም ነበር፤ ሚስቱ ናት። እሷም እሁድ እሁድ ብቻ። ቀለሟ የፋብሪካ፣ ሞተሯ ያልተነካ።"

ኪሎ ሜትሯን አየሁ፤ 230,000። ያኔ ለማስላት ልብ አልነበረኝም፤ ያሰላሁት በኋላ፣ ጋራዥ ቁጭ ብዬ ነው። ሴትዮዋ ስምንት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ብቻ ነድታ ያንን ያህል ከሄደች፣ በየሳምንቱ ሐዋሳ ደርሳ ትመለስ ነበር ማለት ነው። ዓሣ የምትወድ ሴት ብትሆን ነው ብዬ አለፍኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በሌላው ዓለም መኪና እንደ እንጀራ ነው፤ ካደረ ዋጋው ይወርዳል። በእኛ አገር መኪና እንደ ቦታ ነው፤ በቆየ ቁጥር ይከብራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጭን፣ አገር ውስጥ ቀድመው የገቡት ያን ቀን ሌሊት ማዕረግ ጨምረው አደሩ። በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና አይገባም ተባለ። ግቢ ውስጥ ሣር በቅሎባት የነበረች ዲኤክስ ሳትቀር ባለቤቷ በማግሥቱ ሲያጥባት አየሁ።

ታዲያ የእኔዋ ለምን ረከሰች? ይህን ጥያቄ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ። መልሱን የነገረኝ አንድ ሌባ ነው።

ሰፈራችን በአንድ ሌሊት ተዘረፈ። የቪትዟ ስፖኪዮ ሁለቱም የለም። የኮሮላዋ ፍሬቻ ተነቅሏል። የያሪሷ ባለቤት አራት ቸርኬ አጥቶ መኪናውን ድንጋይ ላይ አገኛት። እየሮጥኩ ወረድኩ። የእኔዋ እንዳለች አለች፤ ተንበርክካ። አንድ ቡሎን አልተነካባትም። ጎረቤቶቼ "እግዜር ጠብቆህ ነው" አሉኝ። ለካ ሌባው ነው ንቆኝ የሄደው። እሱ ሶማሌ ተራ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ ያውቃል። የእሷን ስፖኪዮ ነቅሎ ለማን ይሰጠዋል? ከተማ ውስጥ የሚፈልገው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። በዚህ አገር የአንድ መኪና ዋጋ የሚለካው በሌባ ፍቅር መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። ከእንግዲህ መኪና የምትገዙ ሰዎች መካኒክ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከተገኘ አንድ ሌባም አማክሩ።

መኪናዋ ግን መርከሷን ማንም አልነገራትም። ችግሩ ይኼ ነው። የእኔ እቁብ የገዛት አይመስላትም፤ ዛሬም ያ ዲፕሎማት ያለ ነው የሚመስላት። አበላሏ አልተቀየረም። ዘይት ልቀይርላት ስሄድ ስምንት ሊትር ገደማ ዋጥ አደረገች። ጎረቤቴ ለቪትዙ አንድ ጀሪካን ገዝቶ የተረፈውን ለሚቀጥለው ያስቀምጣል። ቀጥሎ ካንዴላ ትቀየር ተባለ። ስድስት ሲሊንደር መሆኗን ስለማውቅ ስድስት ካንዴላ ገዝቼ ሄድኩ። መካኒኩ አየኝና፣ "አለቃ፣ ግማሹን ረሳኸው" አለኝ። ለካ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ናት የምትፈልገው። አሥራ ሁለት!

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ "ካንዴላ ማለት በጣሊያንኛ ሻማ ማለት አይደል? ለገብርኤል አንድ ጧፍ አብርተህ የማታውቅ ሰውዬ ለዚች አሥራ ሁለት ታበራለህ?" አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናዋን የምትጠራት "ጣውንቴ" እያለች ነው። ማታ ስገባ "ጣውንቴ ዛሬ ምን በላች?" ትለኛለች። የቤት ኪራይ ያህል በልታ ከሆነ፣ "ትንሽ ቤንዚን" ብዬ እዋሻለሁ።

መካኒኬ ጨዋ ሰው ነው። ከጣሊያን የወረስነውን የጋራዥ ቋንቋ አንድ ሳይቀር ያውቀዋል፤ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ። በድምፅ ብቻ የኮሮላን በሽታ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ይናገራል። መጀመሪያ ቀን የእሷን ኮፈን ሲከፍት ግን ኮፍያውን አወለቀ። እጆቹን አጣምሮ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝም ብሎ ቆመ። ሞተሩ አይታይም፤ በጥቁር ፕላስቲክ ተከድኗል። "አለቃ፣" አለኝ በመጨረሻ፣ "እኔ መካኒክ ነኝ። ይቺ የምትፈልገው ግን አንባቢ ነው።"

አንባቢ ተጠራ። ላፕቶፕ ያዘለ ልጅ መጣና ከመሪው ሥር ገመድ ሰካባት። እሷም ያለ አንዳች ይሉኝታ የሆዷን ዘከዘከችለት። አሥራ ሰባት ጥፋት! ልጁ አንዱን አዝራር ጫን ሲል ሁሉም ተሰረዘላት። ዳሽቦርዷ ላይ እንደ ጥምቀት ዋዜማ ይንቦገቦግ የነበረው መብራት ጠፋ። ልጁን ከፍዬ በደስታ ወጣሁ። ንስሐዋ ሦስት ቀን ቆየ፤ በአራተኛው ቀን ወደ ኃጢአቷ ተመለሰች።

የስግደቷን ነገር የገለጸልኝም ይኼው ልጅ ነው። የሌሎች መኪኖች እግር በሞላና በባሊስትራ ይቆማል። የእሷ በአየር ነው። በእያንዳንዱ እግሯ ውስጥ የጎማ ከረጢት አለ፤ አንድ ኮምፕሬሰር አየር ይነፋበታል። ለዚያ ነው ጉድጓድ ላይ ስትሄድ ደመና ላይ ያለህ የሚመስልህ። ጎማ ግን ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ እየተነፈሰ ያድራል። ኮምፕሬሰሩ ጠዋት ጠዋት የተነፈሰውን ለመተካት ሲማስን እሱም ይቃጠላል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል ይሳሳል።

"እዚህ የምትስበው አየር አይበቃትም፤ ዝቅ ያለ አገር ብትኖር ሥራው ይቀልላት ነበር" አለኝ።

"እንደ ሐዋሳ?"

"እንደ ሐዋሳ።"

ለካ ሴትዮዋ እሁድ እሁድ አየር ልታስቀይራት ነበር የምትወስዳት!

መካኒኬ ሌላ ሐሳብ አመጣ። አየሩን አስወጥቶ ከሌላ መኪና ሞላ ሊያስገባባት። "አንዴ ትጨክናለህ፣ ትገላገላለህ። አለቃ፣ ይኼ እኮ እግር አይደለም፤ ኩራት ነው" አለኝ። አሰብኩበት። ቀና ብዬ አየኋት። በሩን ከፍቼ ዘጋሁት። "ድም" አለ። "ተወው፣ ከረጢቱን አስመጣለሁ" አልኩት። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው።

የኩራትን ነገር ካነሳሁ፣ ከመለዋወጫዋ ይልቅ የከበደኝ የክብሯ ወጪ ነው። እሷን ከመግዛቴ በፊት ዘበኛችን የሚጠሩኝ "ልጄ" ብለው ነበር። በገባች በማግሥቱ ብድግ ብለው "ጌታዬ" አሉኝ፤ "አንተ" ይሉኝ የነበሩት ሰውዬ "አንቱ" አሉኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። "ጌታዬ" ግን በነጻ አይባልም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይከፈልበታል። የብሎካችን ኮሚቴ ለውኃ ፓምፕ መዋጮ ሲያወጣ የሁሉንም ሰው ስም ከነብሩ ጻፈና የእኔ ላይ ሲደርስ ባዶ ተወው። "እርስዎማ የወደዱትን ነው" አሉኝ። የወደዱትን ማለት ከሁሉም በላይ ማለት ነው፤ አማርኛ የሚችል ሰው ይገባዋል።

ለፋሲካ በግ ተራ ይዣት ሄድኩ። ነጋዴው ከፊቴ ለቆመው ሰው በጉን 12,000 ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ "ድም" አድርጌ ስወርድ ያው በግ፣ ያው ላት፣ 18,000 ሆነ። ለገና ተማርኩ፤ ሩቅ ሰፈር አቁሜያት፣ የድሮ ሹራቤን ለብሼ፣ በእግሬ ሄድኩ። በጉን በ11,500 ገዛሁ። ከዚያ በጉን እየጎተትኩ አንድ ኪሎ ሜትር ተመለስኩና ከኋላ ጫንኩት። የመኪናዋ የኋላ እግር በበጉ ክብደት ዝቅ አለ፤ ኮምፕሬሰሩ ተንጣጣ፤ ኋላዋ ከፍ አለ። በጉ ይህን ሁሉ ሲያይ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ የሆነ ነገር እንደገባው ዓይነት አየኝ።

ሠርግ ደግሞ አለ። የዘመድ ልጅ ስታገባ "የሙሽራ መኪና ምን ያስከራያል፣ የአንተዋ እያለች" ተባለ። አበባ ለጠፍንባት፣ ሪባን አሰርንላት። ሙሽሮቹን ይዤ ከሙሽራዋ ወላጆች ቤት ደጃፍ ደረስኩ። ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ሙሽሮቹ ወርደው ጉልበት ሊስሙ ወደ ሽማግሌዎቹ አመሩ፤ እኔ ሞተር አጥፍቼ ጠበቅኩ። ዘፈኑ፣ ምርቃቱ፣ ፎቶው ረዘመ። ሙሽራው የመጨረሻውን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ሲል ከኋላው ረዥም ትንፋሽ ተሰማ፤ መኪናዋ በሽማግሌዎቹ ፊት ቀስ ብላ በቀኝ እግሯ ተንበረከከች። ሰዉ ዝም አለ። ከዚያ አንዲት እናት እልልታዋን ለቀቀችው። የሙሽራዋ አያት እጃቸውን ዘርግተው መኪናዋንም መረቁ፤ "ልጅሽ ይባረክ፣ ቤትሽ ይሙቅ" ብለው። የቪዲዮ ቀራጩ ልጅ "አንዴ ድገሚልኝ" ሊላት ምንም አልቀረውም። እስከ ዛሬ ዘመዶቼ ያንን ቀን የሚያወሩት እኔ ሆን ብዬ ያደረግኩት አድርገው ነው፤ አስተባብዬ አላውቅም።

እንደ ሠርጉ ያላማረ ቀንም ነበር። ልጄ የፈተናዋ ቀን ጠዋት፣ እመይቴ ጭራሽ አልነሳ አለች። ኮምፕሬሰሩ ድምፁን አጥፍቷል። የራይድ መኪና የለም፤ ዝናብ ይወርዳል። የመጀመሪያው ፎቅ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ቮልስ አለቻቸው። "ግቡ" አሉን። አንደኛውን የፊት መስኮት በእጅ ይዞ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ሄደች።

"አትዘን" አሉኝ ጋሼ፣ መጥረጊያዋ አንዴ እየጠረገ አንዴ እያረፈ። "ጃንሆይን የሚያህሉ ሰው መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥታቸው ሲወጡ የተሳፈሩት ቮልስ ነው። ጋራዣቸው ውስጥ ሮልስ ሮይስ ቆሞ!"

ምን እንደምመልስ አጣሁ።

"ቮልስን ናቋት እንጂ" ቀጠሉ፣ "ውኃ ስጡኝ አትልም፣ ራዲያተር አፈሰሰ አትልም። ሞተሯን የሚያበርደው አየር ነው። የእኔዋ በአየር ትሄዳለች፤ ያንተዋ አየር አጥታ ትቀመጣለች።" ልጄ ከኋላ ሳቀች። አብሬ ከመሳቅ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ለምን አልሸጣትም? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙም አለሁ፣ ሊብሬውም በእጄ ነው። ደግሞ እስካሁን ያወጣሁት ብር ያሳዝነኛል፤ አሁን ብሸጣት አሥራ ሁለቱ ካንዴላ በከንቱ በሩ ማለት ነው። አሻግሬ ሳይ አዲሱ ጎረቤቴ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪናውን ማታ እንደ ስልክ ሰክቶ ይተኛል፤ ጠዋት ያለ ድምፅ፣ እንደ ድመት ሹልክ ብሎ ይወጣል። ዘይት አያውቅም፣ ካንዴላ አያውቅም። የበሩን ድምፅ ግን ሰምቻለሁ፤ ምንም አይደለም። (ይህን ለራሴ በየጠዋቱ እነግረዋለሁ።)

ከረጢቱን ላስመጣ ያሰብኩት በ2016 ክረምት ላይ ነበር። በሐምሌ ብሩ በገበያ ይተመን ሲባል፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 100ን ተሻገረ። የቀኝ እግሯ ዋጋ እኔ ቁጭ ብዬ ስቆጥር እጥፍ ሆነ። ባለቤቴ እንዳትሰማ ሌላ እቁብ ገባሁ። በመጨረሻ ለንግድ ዱባይ የምትመላለሰው አክስቴ "እኔ አመጣልሃለሁ" አለች። ሻርጃ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ፈልጋ፣ በቀሚስና በሕፃን ጫማ ጠቅልላ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። ፍተሻ ላይ ማሽኑ ሲያየው ጥቁር፣ ክብ፣ ረዘም ያለ ነገር። ጠባቂዎቹ ራቅ ብለው ቆሙ። "እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?" አክስቴ ምን ትበል? "የእህቴ ልጅ መኪና ጉልበቷን አሟት ነው" አለች። ተሳስቀው አሳለፏት። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የመለዋወጫ ገለጻ ከአንድም መካኒክ ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ከረጢቱ ገባ። አዲስ ኮምፕሬሰርም ተጨመረ፤ ዋጋውን ባለቤቴ ይህን ልታነብ ስለምትችል አልጽፈውም። መካኒኬ ተጋድሞ፣ ላፕቶፑ ልጅ ቆሞ፣ እኔ እየጸለይኩ። ስትነሳ ቀጥ ብላ ተነሳች። ከተማውን አንዴ ዞርኩባት፤ የመገናኛ ጉድጓዶች አልተሰሙኝም። ማታ ከቦታዋ አቆምኳት፤ "ድም"፤ ገብቼ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ገና ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ዘበኛችን ናቸው፤ አራት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ደንግጬ ጋቢዬን ደርቤ ከፈትኩ።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "መኪናህ ዛሬ አልሰገደችም። ሌሊቱን ሙሉ እንደቆመች ነች። ምን ሆና ነው?"

ተያይዘን ወረድን። እመይቴ በጭጋጉ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማለች። በኩራት በቀኟ በኩል ዞርኩ፤ ደህና ናት። በግራዋ ዞርኩ። ጎንበስ ብዬ በጎማውና በላሜራው መሃል ጣቴን ሰደድኩ። ማታ አራት ጣት ይገባ ነበር። አሁን ሦስት ነው የገባው።

"አይዞህ" አሉኝ አባባ፣ ከአጠገቤ ጎንበስ ብለው እያዩ፣ "በግራዋ ልትጀምር ነው።"